«ራሱን ሳተ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዱርቤቴ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሕክምና የሚመጡ ሰዎች፥ «ምን ሆነ?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ራሱን ሳተ» የሚል ነው። መልሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል የሰማው የጤና ባለሙያ፥ በሽተኛውን በዐይኑ አይቶ ከተረዳው የበለጠ አንዳች ነገር አላወቀም። በቅዳሴ ላይ ብዙ ቆመው የወደቁት ሽማግሌ ራሳቸውን ስተዋል፤ የሚጥል በሽታ በምድጃ አጠገብ የጣላት ልጃገረድም ራሷን ስታለች፤ ሦስት ቀን በንዳድ ሲቃጠል የሰነበተው ሕፃን፥ ከዋንዛ ዛፍ ወድቆ ዐናቱ የተመታው እረኛ፥ ዐረቄ አብዝቶ የጠጣው ጐልማሳም እንዲሁ ራሳቸውን ስተዋል። ሕመማቸው አምስት ዓይነት ሲሆን የተጠራበት ቃል ግን አንድ ነው። ከእነዚህ አንዱ መድኃኒት ሳይቀምስ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ፥ ሌላው ሌሊቱ ሳይነጋ ሊሞት ይችላል።

የጤና ጥበቃ ጽሑፍ ስለ ቃል ትርጕም ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አገባቡ እንዲህ ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ፥ ሰው በወደቀ ጊዜ ለሐኪም ደብዳቤ የሚጽፈው፥ ስልክ የሚደውለው፥ ከበሽተኛውም ጋራ ሄዶ የሚያስረዳው አብዛኛውን ጊዜ መምህር ወይም ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ጎረቤት ነው። ሐኪሙ በደረሰ ጊዜ ነገሩ ካለፈ ቈይቷል፤ ያየው ሰው ካልነገረው በቀር በመሣሪያም ቢሆን መልሶ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ የተመልካቹ ቃል ከምርመራው ግማሹ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

አስቀድመን ቃሉን ራሱን እንመልከት። «ሳተ» ከግእዙ «ስሕተ» የመጣ ግሥ ነው፤ ስሕተት የምንለውም ከዚያው የወጣ ነው። ዒላማውን የሳተ ተኳሽ፥ መንገዱን የሳተ መንገደኛ እንላለን። «ራስ» ደግሞ ከግእዙ «ርእስ» የመጣ ሆኖ በአማርኛችን ሁለት ነገር ይይዛል። «ራሴን ያመኛል» ያለ ሰው ስለ ዐናቱ ይናገራል፤ «ራሴን ችያለሁ» ያለ ግን ስለ እኔነቱ መናገሩ ነው። ራሱን የሳተ ሰው እንግዲህ ወደ ገዛ ራሱ የሚወስደው መንገድ የጠፋበት ሰው ነው ማለት ነው። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ምን እንደ ደረሰበት ግን አይናገርም። በዚህም ላይ ቃሉ ለጤነኛ ሰው ሲነገር ይሰማል። «በቍጣ ራሱን ስቶ ተሳደበ» ሲባል ሰውዬው አልወደቀም፤ ይልቁንም ከሚገባው በላይ ቆሟል።

ኅሊና እና አእምሮ የተባሉትም ቃላት በዚሁ በ«ሳተ» ሲነገሩ እንሰማለን። ኅሊና፥ አሰበ ከሚለው ከግእዙ «ኀለየ»፤ አእምሮም፥ ዐወቀ ከሚለው ከ«አእመረ» የመጡ ናቸው። «አእምሮውን ሳተ» የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ዐይኑን ገልጦ እየተናገረ ሰው ለማይለይ፥ ወይም ነገሩ ለተዛባበት ሰው ነው። በዛሬው ጊዜ በከተማ «ኮማ ውስጥ ገባ» የሚል አነጋገርም ተለምዷል፤ ኮማ በግሪክ ቋንቋ ከባድ እንቅልፍ ማለት ነበር። ከተኛ ሰው የሚለይበትም ምልክት ቀላል ነው፤ የተኛ ሰው በስሙ ሲጠሩት ወይም ትከሻውን ቆንጠጥ ሲያደርጉት ይነቃል፤ ራሱን የሳተ ግን አይነቃም።

ይህን ሁሉ ያልነው ሕዝቡ ቃል አጥቷል ለማለት አይደለም። እንዲያውም የጐጃም ገበሬ ሳይጠየቅ በወሬ መካከል የሚናገረው አማርኛ፥ ለሐኪም ብሎ ከሚመርጠው «ራሱን ሳተ» የተሻለ ነገር ይገልጣል። «ዐይኔን ጨለም አደረገኝ»፥ «አዞረኝ»፥ «ተዝለፈለፈች»፥ «ጣለው»፥ «ፍዝዝ አለ»፥ «ቃዠ»፥ «ሰመመን ወሰደው» ይላል። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ያሳያሉ፤ ሐኪሙም ሊሰማ የሚፈልገው እነርሱን ነው።

«ተዝለፈለፈ» የሚለውን እንውሰድ። ይህ ቃል ጉልበት ከድቶት እንደ እርጥብ ጨርቅ የወደቀን ሰው ያሳያል። በስቅለት ዕለት ከጥዋት እስከ ማታ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሲሰግዱ የዋሉ ምእመናን ዘንድ፥ በሠርግ ድንኳን ሙቀት ውስጥ፥ ልቅሶ ላይ፥ በትምህርት ቤትም የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ያልበላና ያልጠጣ እንደ ሆነ፥ ወይም ደም አይቶ ወይም መርዶ ሰምቶ እንደ ደነገጠ የልቡ ምት ይቀንሳል፥ የደም ሥሮቹም ይላላሉ፤ ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ሲያንስ አስቀድሞ ላብ ላብ ይለዋል፥ ፊቱ ይገረጣል፥ ዐይኑ ይጨልማል፥ ጆሮው ይጮኻል፤ ከዚያም ይወድቃል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። መውደቁ ራሱ መድኃኒት ነው። ሰውዬው በምድር ላይ ሲዘረጋ ዐናቱ ከልቡ ጋራ ይስተካከላል፤ ደሙም ያለ ችግር ወደ አንጎሉ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ዐይኑን ይገልጣል።

እኛ ግን ለወደቀው ሰው ከማዘናችን የተነሣ ተረባርበን እናቆመዋለን። በሁለት ብብቱ ይዘን ቀጥ አድርገን እየደገፍን ከሕዝቡ መካከል እናወጣዋለን፤ ወይም በወንበር ላይ አስቀምጠን ውሃ በአፉ እናፈስበታለን። ይህ በቅን ልቡና የሚደረግ ትልቅ ስሕተት ነው። ቆሞ የተያዘ ሰው ደሙ ወደ ራሱ ሊመለስ ስለማይችል ራስ መሳቱ ይረዝማል፤ ሊንዘፈዘፍም ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጥል በሽታ አለበት የሚል ወሬ ይወጣበታል። ራሱን ባላወቀ ሰው አፍ የተጨመረ ውሃም ወደ ሳንባ ይገባል። መደረግ ያለበት በጀርባው አስተኝቶ እግሩን በድንጋይ ወይም በተጠቀለለ ጋቢ ላይ ከፍ ማድረግ፥ መቀነቱንና የአንገት ልብሱን ማላላት፥ የከበበውን ሰው ዘወር ማድረግ ነው። ራሱን ሲያውቅም ወዲያው አይነሣ፤ ጥቂት ተኝቶ፥ ጥቂት ተቀምጦ፥ ከዚያ ውሃ ይጠጣ።

መምህራንን በተለይ የምንለምነው ስለ ጥዋቱ ሰልፍ ነው። ሩቅ መንገድ በእግር ተጉዞ ቍርስ ሳይበላ የደረሰ ልጅ በፀሐይ ላይ ረዥም ንግግር ሲሰማ ቢዝለፈለፍ የሚያስገርም ነገር የለም። ንግግሩን ማሳጠር ከብዙ ሕክምና ይሻላል። ነገር ግን በሩጫ ወይም በኳስ ጨዋታ መካከል በድንገት የወደቀ ልጅ፥ ወይም ልቡን እየመታው የወደቀ ሰው እንዲሁ መታለፍ የለበትም፤ ይህ የልብ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቢነቃም ወደ ሐኪም ይላክ።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል ወደ «ጣለው» እንመለስ። ሰዋስዉን ልብ ያለ አንባቢ ልዩነቱን ይረዳል። «ራሱን ሳተ» ስንል ባለቤቱ ሰውዬው ነው፤ «ጣለው» ስንል ግን የጣለው ሌላ ነገር ነው። ማን ጣለው ቢባል አንዱ «ጋኔን»፥ ሌላው «ልክፍት»፥ ሦስተኛው «ቡዳ» ይላል። ይህ አስተሳሰብ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የግሪኮችም የዚህ በሽታ ስም «መያዝ» ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ የአማልክት ሥራ ነው ይሉም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ የተጻፈውና በሂፖክራጥስ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ግን፥ ይህ በሽታ ከሌሎቹ የተለየ ቅድስና እንደሌለው፥ ምንጩም አንጎል እንደ ሆነ አስረድቷል። የዛሬው ሕክምናም ይህንኑ ይላል። አንጎል ሥራውን የሚሠራው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክቶች ነው፤ ብዙ የአንጎል ሕዋሳት ሥርዓት ለቀው በአንድ ጊዜ መልእክት ሲልኩ ሰውነት ይደርቃል፥ ይንዘፈዘፋል።

በሽታው ብርቅ አይደለም። በቡታጅራ ዙሪያ በሚገኙ የገጠር መንደሮች ቤት ለቤት እየተዞረ የተደረገውና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፥ ከአንድ ሺህ ሰው መካከል 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ብዙ ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት እንግዲህ ጥቂት እንዲህ ያሉ ልጆች ሳይኖሩት አይቀርም፤ በመዝገቡ ላይ የሌሉ እንደ ሆነ፥ ምናልባት ወላጆቻቸው ደብቀው ከቤት አስቀርተዋቸው ይሆናል።

በአገራችን ሰው በወደቀ ጊዜ ክብሪት ጭሮ ጢሱን በአፍንጫው ማሽተት የቈየ ልማድ ነው። ልማዱ ለምን ጸና? መናድና መንዘፍዘፉ ብዙውን ጊዜ በአንድ፥ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ሦስት የክብሪት እንጨት እስኪጫር ድረስም ያው ጊዜ ያልፋልና፥ ተመልካቹ ያዳነው ክብሪቱ ይመስለዋል። ክብሪቱ ግን የሚያተርፈው ነገር ቢኖር የተቃጠለ አፍንጫና የታፈነ ትንፋሽ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ለሐጩ ይተላለፋል በማለት የወደቀውን ሰው ላለመንካት መሸሽ ነው። በሽታው በለሐጭም ሆነ በመንካት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዚህ ፍርሃት ምክንያት እሳት ላይ ወድቀው ማንም ሳያነሣቸው እጃቸውና ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች በየገጠሩ አሉ። እሳቱ ያደረሰው ጠባሳ በሽታው ካደረሰው ጉዳት በልጦ የሚታይባቸው ብዙዎች ናቸው።

ሰው ሲጥለው ያየ፥ እሳቱንና ድንጋዩን ከአጠገቡ ያርቅ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ልብስ ያድርግ፤ እጅና እግሩን አጥብቆ አይያዝ፤ ጥርሱን ለማላቀቅ ማንኪያም ሆነ እንጨት በአፉ አያግባ። መንዘፍዘፉ ሲቆም በጎኑ ያስተኛው፤ ለሐጩ ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው። ሰዓት ያለው ሰዓቱን ይመልከት፤ በጭንቅ ጊዜ ሁለት ደቂቃ እንደ ግማሽ ሰዓት ይረዝማልና ግምት አይታመንም። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቈየ ወይም ሳይነቃ ደጋግሞ ከጣለው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው። ለምሳሌ ፌኖባርቢታል የተባለው ዋጋው ርካሽ የሆነ እንክብል በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ብዙ በሽተኞችን ከመውደቅ ያድናቸዋል። ተገቢ ሕክምና ካገኙ ከመቶ 70 የሚሆኑት በሽተኞች ሳይጥላቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጣል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ እንክብሉን ግን አያቋርጥ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል።

«ፍዝዝ አለ» የሚለው ቃል የዚሁ በሽታ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚያየውም ከሁሉ በፊት መምህሩ ነው። ልጁ አይወድቅም። ሲያነብ ወይም ሲጽፍ ድንገት ያቆማል፤ ለጥቂት ሰከንድ ዐይኑ በአንድ ቦታ ይተከላል፥ ሲጠሩት አይሰማም፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሊደርስበት ይችላል። ልቡ ከትምህርቱ የራቀ ሰነፍ ነው ተብሎ የሚቀጣ ልጅ አለ፤ ከመቅጣት በፊት ማስመርመር ይገባል።

«ቃዠ» እና «ዘባረቀ» የተባሉትን ቃላት ከትኵሳት ጋራ የሰማ ሰው ግን ጊዜ የለውም። በዱርቤቴ፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር ዝናሙ ካቆመበት ከመስከረም ጀምሮ ወባ የሚበረታበት ወራት ነው። ትኵሳት ይዞት የሰነበተ ሕፃን መቃዠት ጀምሮ ከዚያ ሰመመን ከወሰደው፥ ንዳዱ ወደ አንጎሉ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። እናት ሕፃኑ ዝም ሲልላት «ተመስገን፥ እንቅልፍ ወሰደው» ትላለች። ጠርተን ካልነቃ፥ ጡት ሰጥተነው ካልጠባ እንቅልፍ አይደለም። እንዲህ ያለው ወባ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ ከትኵሳት ወደ ራስ መሳት ለመድረስም አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል። አርተሱኔት የተባለው መርፌ በጊዜው ከደረሰ ግን ብዙዎች ይድናሉ።

ወባ የቆላ በሽታ ነው የሚል ሰው አሁንም አልጠፋም። በ1950 ዓ.ም ክረምትና በ1951 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። የበረታውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሚደርሱ ቦታዎች ነበር፤ ይህም የወይና ደጋችን ከፍታ ነው። ዘወትር ወባ የማያውቀው ሰው ሰውነቱ ስላልለመደው ሕመሙ ይጠናበታል። አጎበሩ በየቤቱ ለዓሣ ማጥመጃና ለእህል ማስጫ ሲውል እያየን ይህን መጻፋችን ያሳዝነናል፤ ለጊዜው ግን ወደ ነገራችን እንመለስ።

ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ሴት «ጣላት» ከተባለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከዚህ በፊት የማይጥላት ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ፥ በምጥ ላይ ወይም በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተንዘፈዘፈች፥ ልክፍትም የሚጥል በሽታም ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም። ይህ ከደም ግፊት ጋራ የሚመጣ የእርግዝና በሽታ ነው፤ ማግኒዚየም ሰልፌት በተባለ መርፌ ይታከማል፤ ከዘገየ እናቲቱንም ልጁንም ይወስዳል። አስቀድሞ ብርቱ የራስ ምታት፥ የዐይን መደብዘዝ፥ የፊትና የእጅ ማበጥ ይታያልና፥ ይህን ያየ ቤተ ሰብ እስክትወድቅ አይጠብቅ።

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። የስኳር በሽታ መድኃኒት እየወሰደ ምግብ የዘለለ ሰው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ እንደ ሰካራም ይናገራል፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ማር ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርበት፥ ወደ ሕክምና ይሩጡበት። በክረምት ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በጢሱ ሳይሆን ሽታና መልክ በሌለው መርዘኛ አየር ነው፤ በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ማውጣት ይቀድማል። ዐናቱን ተመትቶ የወደቀ ሰው ቢነቃም እንኳ፥ እንደ ገና ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ድኗል አይባል። ዐረቄ የጠጣውንም «ሰክሮ ነው፥ ይተኛ» ብሎ በጀርባው ትቶ መሄድ አይገባም፤ ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ ይተኛ፥ አጠገቡም ሰው ይቀመጥ።

ወደ ቃላቱ ስንመለስ አንድ የቀረ አለ፤ እርሱም የመንቃቱ ቃል ነው። «ነፍሱን ዐወቀ» እንላለን፤ ሕፃን ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምርም «ነፍስ ዐወቀ» የምንለው በዚሁ ቃል ነው። ሐኪም «እንዴት ነቃ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ከንቱ የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ተዝለፍልፎ የወደቀ ሰው እንደ ነቃ ወዲያው ሰውን ይለያል፥ ያፍራልም፤ የሚጥል በሽታ የጣለው ደግሞ ከነቃ በኋላ ይደነዝዛል፥ ብዙ ይተኛል፥ የሆነውን አያስታውስም። ሁለቱን ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው።

አንዳንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ከተማሪ ጋራ የሚላክ ወረቀት «ተማሪዋ ራሷን ስለ ሳተች ሕክምና እንዲደረግላት እንጠይቃለን» ይላል፤ ማኅተሙም ፊርማውም የተሟላ ነው። እኛ ግን ወረቀቱ እንደሚከተለው ቢጻፍ እንመርጣለን፦

«ተማሪዋ የ13 ዓመት ልጅ ናት። ዛሬ ጥዋት በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለች ጮኻ ወደቀች። ሰውነቷ አስቀድሞ ደረቀ፤ ከዚያ እጅና እግሯ ለ2 ደቂቃ ያህል ተንዘፈዘፈ። ምላሷን ነክሳለች፤ ሽንትም አምልጧታል። ዐናቷ አልተመታም፤ ትኵሳት የላትም። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተኛች፤ ስትነቃም የት እንዳለች አላወቀችም። ቍርስ በልታ መምጣቷን ጓደኛዋ ተናግራለች። እናቷ እንደ ነገሩን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በቤት ውስጥ ጥሏታል፤ መድኃኒት ጀምራ አታውቅም።»